ድንኳኑ የት ገባ?

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። አመሻሽ ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አንድ ወዳጃችንን እንጠብቃለን። ከመካከላችን ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው እሱ ብቻ ነው፤ እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን ኮድ የምንነካካ ደፋሮች ነን። ስልክ ደወለ። «የት ናችሁ?» «መስቀል አደባባይ።» «እሺ፣ የት ጋ?» ይህን የሚያህል ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ «መስቀል አደባባይ ነኝ» ማለት «አዲስ አበባ ነኝ» ከማለት ብዙም አይሻልም። አጠገባችን አረፍ ያሉ አንድ አዛውንት ሰምተውን ኖሮ ፈገግ አሉና «አብዮት አደባባይ፣ ከደረጃው መሀል በሉት» አሉን። ቃል በቃል ነገርነው። ስልኩ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ልጁ የተወለደው በ1990ዎቹ ነው፤ ደርግ ያወጣውን ስም መጽሐፍ ላይ አንብቦት ይሆናል እንጂ ታክሲ ላይ ሲጠራ ሰምቶት አያውቅም።

ቦታው ያው ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ በ1969 ዓ.ም. ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ የሰበሩበትም፣ በየዓመቱ ደመራ የሚደመርበትም፣ ታላቁ ሩጫ የሚሮጥበትም ያው አንድ ሜዳ ነው። የተለዋወጠው ስሙ ነው። አንዱ በአሮጌው ስም ይጠራዋል፤ ሌላው በዚያ ስም ፈልጎ ሲያጣው «የለም» ይላል። ያን ቀን እኛን እዚያ ደረጃ ላይ ያስቀመጠንም ከዚህ ብዙ የማይርቅ ጣጣ ነበር። ላፕቶፓችን አንድ ፋይል «የለም» ብሎናል። ሦስት ሌሊት ሙሉ «የለም» ሲለን ከረመ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ከመካከላችን የአንዳችን አጎት፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ካዛንቺስ ተወልደው ካዛንቺስ ያረጁ ሰው ናቸው። (በነገራችን ላይ ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣልያን ወረራ የተረፈ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ተቋም በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ተቋሙ ከሄደ ሰማንያ ዓመት አለፈው፤ ስሙን ግን አፋችን አሽቶ አስቀርቶታል።) ጋሼ አልጋቸው ሥር ሁለት ትልልቅ ካርቶን ጋዜጣና መጽሔት አላቸው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያጠራቀሙት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ሲነሱ የሳቸውም ቤት ተራው ደረሰ። የሚገቡበት ኮንዶሚኒየም ጠባብ ነው። ለካርቶን ቦታ የለውም።

ጋሼ ብዙ አላጉረመረሙም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። በ1964 ዓ.ም.፣ የ19 ዓመት ጎረምሳ ሳሉ፣ ስለ ካዛንቺስ የመንገድ መብራት ለአንድ አዘጋጅ ደብዳቤ ጽፈው ታትሞላቸው ነበር። ጋዜጣ ይሁን መጽሔት፣ መስከረም ይሁን ሰኔ፣ ረስተውታል። «ካርቶኑን ጣሉ ብትሉኝ እጥላለሁ» አሉን፤ «እሷን ደብዳቤ ግን ሳላያት አልሄድም።» የቀራቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም።

ሁለት ካርቶን ወረቀት በዓይን ማበጠር ይቻል ነበር። እኛ ግን የዘመኑ ልጆች አይደለን? እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተን፣ ኮምፒውተሩ አንብቦ ወደ ጽሑፍ እንዲለውጠው፣ ከዚያ «መብራት» የሚለውን ቃል ፈልግ ማለት እንችላለን አልናቸው። ደብዳቤዋም ትገኛለች፣ የቀረውም ይተርፋል። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩን። «ልጆች፣ ኮምፒውተር አማርኛ ያነባል እንዴ?»

ያነባል። ቴሰራክት የሚባል ፕሮግራም አለ። ኤች.ፒ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ሠርቶ ዘጋው፤ በ2005 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው፤ ከዚያ ጎግል አነሣው። ዛሬ ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሊቅ አይደለም። «ጸ»ን «ጾ» ይላል፣ ቀለም የፈዘዘበትን ገጽ ሲያገኝ ይቀበጣጥራል። ለፍለጋ ግን ይበቃል። ቴሰራክትን በፓይተን የሚያዝዝ አጭር ፕሮግራም ጻፍን። ፓይተኑንና አጋዥ ጥቅሎቹን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ውስጥ አስቀመጥን። ይህ ማለት ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የተለየ ፎልደር ነው፤ የሌላ ሥራችን ጥቅል ከዚህኛው ጋር እንዳይጣላ። ሁሉ ነገር ሠራ። ለሙከራ ሃያ ገጽ አስነበብነው፣ አነበበ።

ከዚያ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ላፕቶፑን አሻሻልነው። ኡቡንቱ «አዲስ እትም ወጥቷል» ሲል ከ22.04 ወደ 24.04 አሳደግነው። መጨረሻ ላይ «የማያስፈልጉ ጥቅሎችን ላስወግድ?» ብሎ ጠየቀን። ማን ያነባል? «አዎ» አልን። በማግስቱ ፕሮግራማችንን ስንጠራው አንዲት መስመር ተፋ። «ሊብቴሰራክት.ኤስኦ.4፦ የጋራ ፋይሉን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም።»

ይህቺ መስመር ሊኑክስ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ናት። ሰው ግን አያነባትም። አይቶ ይደነግጥና የመጀመሪያውን መድኃኒት ይውጣል። እኛም እንደዚያው አደረግን፤ ታሪኳን ያወቅነው በኋላ ነው። ታሪኳን ማወቅ ደግሞ ለመፍትሔው ከመድኃኒቱ በላይ ጠቅሞናል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡን።

ፕሮግራም ሁሉን ነገር ከዜሮ አይሠራም፤ ሌላ ሰው የሠራውን ይዋሳል። የሚዋስበት ቦታ «ላይብረሪ» ይባላል፤ ቃሉም ዘይቤ ብቻ አልነበረም። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒውተር አጠገብ በእርግጥም ቁም ሣጥን ነበር። ውስጡ የተበሳሱ የወረቀት ጥብጣቦች ተደርድረዋል፤ አንዱ ካሬ ሥር ያሰላል፣ ሌላው ቁጥር ያትማል። ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል በ1951 ያሳተሙት መጽሐፍ ስለዚሁ ሣጥን አጠቃቀም ነው ማለት ይቻላል። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚፈልገውን ጥብጣብ ያወጣል፣ በማሽን ገልብጦ የራሱ ጥብጣብ ላይ ያስገባዋል፣ ዋናውን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ቢቃጠል ግድ የለውም። ቅጂው እጁ ላይ ነው።

ይህ አሠራር ጸጥ ያለ ነው፤ ግን አባካኝ ነው። መቶ ፕሮግራም አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ገልብጦ ይይዛል። ጋሼ ይህን ስናስረዳቸው ቶሎ የገባቸው በእድር ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድንኳን፣ የራሱ ጎላ ድስት፣ የራሱ መቶ ወንበር ይኑረው ቢባል ሰፈሩ ይደኸያል። ስለዚህ አንድ ድንኳን ይገዛል፣ እድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጣል፣ ለቅሶ የደረሰበት ያወጣዋል። «የጋራ ላይብረሪ» ይኸው ነው። አንድ ቅጂ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል፤ የሚፈልገው ፕሮግራም ሁሉ ሲነሣ እሱን ይጠራል። ሐሳቡ ቀድሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኤም.አይ.ቲ.፣ በቤል ላብስና በጄኔራል ኤሌክትሪክ ትብብር በተጀመረው መልቲክስ በተባለ ሥርዓት ታይቷል። ከመልቲክስ በኋላ የመጣው ዩኒክስ ግን ቀለል ልበል ብሎ ተወው፤ ለብዙ ዓመታትም በካምብሪጁ ሣጥን ልማድ፣ በመገልበጥ ኖረ። መስኮትና ሥዕል ያለበት ስክሪን መጥቶ ፕሮግራሙ ሁሉ ሲወፍር ነው ሜሞሪ የጠበበው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1988 ባወጣው ሰንኦኤስ 4.0 የጋራ ላይብረሪን ወደ ዩኒክስ አስገባው። ሊኑክስ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዛሬ የሚጠቀምበትን የፋይል ዓይነት፣ ኤልፍን፣ ተቀበለ።

እድር ዕቃ ካለው ግን ዕቃ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ሊኑክስ ላይ ዕቃ ጠባቂው «አገናኝ» እንበለው። ፕሮግራም ሲነሣ «ሊብቴሰራክት 4 ያስፈልገኛል» ይለዋል። ልብ በሉ፣ ስም ብቻ ነው የሚነግረው፤ የት እንዳለ አይነግረውም። አገናኙ ደግሞ ዲስኩን ሁሉ አያስስም። ኤልዲ-ላይብረሪ-ፓዝ በሚባል ዝርዝር እኛ የሰጠነው አድራሻ ካለ ያየዋል። ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ አድራሻ ካለ እሱንም ያያል። ከዚያ አስቀድሞ የተዘጋጀ መዝገቡን ይገልጣል፤ በመጨረሻ ሁለት የታወቁ መደርደሪያዎችን ይነካካል። እዚህ ሁሉ ካጣው «የለም» ይላል። ስለዚህ «የለም» ሲል ሁልጊዜ ጠፍቷል ማለቱ አይደለም። «በማውቃቸው ቦታዎች በዚህ ስም የተጠራ አላየሁም» ማለቱ ነው። ዕቃው ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ መዝገቡ ስላልታደሰ ብቻ «የለም» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከምንጩ ኮምፓይል አድርገህ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ የጫንከው ላይብረሪ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆንብህ። መድኃኒቱ ኤልዲኮንፊግ የምትባል አንዲት ትእዛዝ ናት፤ መዝገቡን እንደገና ታጽፈዋለች። አለቀ።

የኛ ግን እንዲያ አልነበረም። የኛ ድንኳን ባለ 4 ነበር። ከስሙ መጨረሻ ያለችው ቁጥር ጌጥ አይደለችም፤ ቃል ኪዳን ናት። «ከ4 ጋር የተዋወቀ ፕሮግራም ሁሉ ከኔ ጋር ይግባባል» ትላለች። ሠሪዎቹ ላይብረሪውን የድሮው ፕሮግራም እስከማይግባባው ድረስ ሲለውጡት ቁጥሯን ወደ 5 ያሳድጋሉ። ቴሰራክት 5 እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 ወጣ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ 4 ነበር፤ 24.04 ላይ 5 ሆነ። እኛም «የማያስፈልገውን አስወግድ» ብለን የድሮውን ድንኳን በገዛ እጃችን አስወጣነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ስሕተታችን ይህቺን ቁጥር መናቅ ነበር። 5 እንዳለ አየን። ያው ቴሰራክት አይደል ብለን 5ን የሚያመለክት 4 የሚል ሲምሊንክ ሠራንለት። ሲምሊንክ ማለት የስም ታፔላ ነው፦ «አብዮት አደባባይ» ብሎ ለመጣ ሰው ወደ መስቀል አደባባይ የሚጠቁም ቀስት። ታፔላው የሚሠራው ግን ቦታው ያው ሲሆን ነው። እዚህ ስሙ ሳይሆን ቦታው ነው የተቀየረው። አገናኙ ታፔላውን ተከትሎ ገባ፣ «የለም» ማለቱንም ተወ። ቀጥሎ ግን ፓይተኑ «ያልታወቀ ሲምቦል» ብሎ ረዥም የተወሳሰበ ስም ለቀቀብን። ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያውቀውን በር አጥቷል። ከፊተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ የፊተኛው ቢያንስ ምን እንደጎደለ ይናገር ነበር። ይህን ታፔላ «መፍትሔ ነው» ብሎ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። ቁጥሯ ከተለያየች አትስሙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለን። ልጆች ሳለን ሰፈር ካለው ጌም ቤት የተገለበጠ ጌም ቤት ወስደን ስንከፍት «ዲ3ዲኤክስ9_43.ዲኤልኤል ሚሲንግ» ይለን ነበር። ዲኤልኤል የዊንዶውስ የጋራ ላይብረሪ ነው፤ ዊንዶውስ ከ1985ቱ ከመጀመሪያው እትሙ ጀምሮ ይዞት የመጣ። ያኔ መፍትሔያችን ፋይሏን ከጓደኛ በፍላሽ ማምጣትና ጌሙ ፎልደር ውስጥ መወርወር ነበር። ከፋይሏ ጋር ስንት ቫይረስ እንደመጣ ፈጣሪ ይወቀው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር፤ አንድ ፕሮግራም ሲጫን የጋራውን ዲኤልኤል በራሱ እትም ይተካዋል፣ የጎረቤቱ ፕሮግራም ይሞታል። ፈረንጆቹ «የዲኤልኤል ሲኦል» ብለው ስም አወጡለት።

ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ሲኦሉ ከዲኤልኤልም የቀረበ ነበር፤ ፎንት ላይ ነበር። ታላላቆቻችን ያጫውቱናል። በ1990ዎቹ በኛ አቆጣጠር ጽሑፍህን በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ጽፈህ በፍሎፒ ይዘህ ማተሚያ ቤት ትሄዳለህ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ያንን ፎንት ካልያዘ የለቅሶ ማስታወቂያህ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅልቅ ሆኖ ይከፈታል። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ሰጥቶት ነበርና። ሰነዱ ፎንቱን በስም ይጠራል፣ ኮምፒውተሩ በዚያ ስም ያጣዋል፤ ያው በሽታ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው «የለም» እንኳን አለማለቱ ነው፤ ዝም ብሎ ይዘባርቃል። ስለዚህ ሰው ፎንቱን ከጽሑፉ ጋር በፍሎፒ ይዞ ይዞር ነበር። የካምብሪጁ ጥብጣብ አዲስ አበባ ላይ ማለት ነው። ከዚህ ያወጣን አንድ ሰው ጎበዝ ሶፍትዌር ስለሠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል ለያንዳንዱ ሆሄ ዓለም ሁሉ የሚቀበለው ቁጥር ስላገኘ ነው። ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላም ፎንቱ ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ መኖር ነበረበት። ማይክሮሶፍት «ኛላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለገበያ ያቀረበው በ2007 ነው፤ እኛ ሚሊኒየማችንን ልናከብር ወራት ሲቀሩን።

ወደ ላፕቶፓችን እንመለስ። ሁለተኛው ሌሊት «ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንቱን አጥፍተን ከአዲስ እንሥራው» አልን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ እኛም ጭምር፣ የሚሳሳትባት ነገር አለች። ፓይተንን ጊዶ ቫን ሮሰም የለቀቀው በ1991 ነው። ለብዙ ዓመታት አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ የፓይተን ጥቅል ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ይከመር ነበር። አንዱ ሥራህ አሮጌውን ጥቅል ሲፈልግ ሌላው አዲሱን ይፈልጋል፣ ይጣላሉ። ኢያን ቢኪንግ በ2007 ቨርቹዋልኤንቭ የተባለውን መሣሪያ አመጣ፤ በ2012 የወጣው ፓይተን 3.3 ደግሞ ሐሳቡን የቋንቋው አካል አድርጎ ቬንቭ አለው። ስሙ «ምናባዊ ከባቢ» ስለሚል ሰው ሙሉ ግቢ፣ አጥር ያለው፣ የራሱ ውኃና መብራት ያለው ይመስለዋል። አይደለም። ውስጡን ብታዩት የጥቅሎች ፎልደር፣ ጥቂት ማስነሻዎችና ውጭ ወዳለው ፓይተን የሚጠቁም ታፔላ ነው። ሳሕንና ሲኒው የግሉ ነው፤ ድንኳኑ ግን አሁንም የእድሩ ነው። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈውን የሥርዓቱን የጋራ ላይብረሪ ቬንቭ አይዝም፣ አይመዘግብም፣ ሲጠፋም አያውቅም። የጥቅሎቻችንን ዝርዝር ከነእትማቸው በጽሑፍ ፋይል ጠብቀን ነበር፤ ጎበዞች ነን ብለን ነበር። ዝርዝሩ ላይ ሊብቴሰራክት የሚል ቃል የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ፒፕ የሚያውቀው የፓይተንን ጥቅል ብቻ ነው።

ያም ሆኖ አጥፍተን ሠራነው። ፒፕ በሰላም ጨረሰ። ፕሮግራሙን ጠራን። «ሊብቴሰራክት.ኤስኦ.4 … የለም።» ያው ቃል፣ ያው ነጥብ። እውነት ለመናገር አንዳችን አለቀስን።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ነው ወዳጃችንን ደረጃው ላይ የቀጠርነው። በመጨረሻ በእጅ ምልክት ተገናኘን። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጀመሪያ የጠየቀን «ስሕተቱ ምን ይላል?» አልነበረም። «ማነው የሚጠራው?» አለን። ማለትም ሊብቴሰራክት 4ን የሚፈልገው የትኛው ፋይል ነው? ኤልዲዲ የምትባል ትእዛዝ አለች፤ አንድ ፋይል የሚፈልጋቸውን የጋራ ላይብረሪዎች ሁሉ፣ የተገኘውን ከነአድራሻው፣ ያልተገኘውን «አልተገኘም» ብላ ትዘረዝራለች። ቬንቩ ውስጥ ገብቶ ፓይተንን ከቴሰራክት ጋር የሚያገናኘውን ጥቅል ፋይል አስመረመራት። አሥር ያህል መስመር ወጣ። ሁሉም አድራሻ አላቸው። አንዱ ብቻ፣ «አልተገኘም»።

«ይህን ጥቅል ትናንት ነው የጫናችሁት?» «ትናንት።» «ትናንት 5 ላይ ከተሠራ ለምን 4ን ይፈልጋል?» ዝም አልን። ሳቀ። ጥቅሉ መጀመሪያ ሲጫን ተሠርቶ የመጣ አልነበረም፤ ምንጩ ወርዶ እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ኮምፓይል የተደረገ ነው። ፒፕ ደግሞ አንዴ የደከመበትን አይጥልም፣ ካሹ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እኛ ቬንቩን ስናጠፋ ካሹ አልጠፋም። ፓይተኑን ለብቻው የቤት ፎልደራችን ውስጥ ጭነነው ስለነበር ኡቡንቱ ሲያድግ እሱ አልተነካም፤ የፓይተኑ እትም ያው ስለሆነም ፒፕ «ይኸው አለኝ» ብሎ የወር በፊቱን፣ ለ4 የተሰፋውን፣ መልሶ አለበሰን። አዲስ ቤት ሠርተን አሮጌውን ቁልፍ ነበር የሰጠን።

ወዳጃችን የ5ን የግንባታ ፋይሎች ጫነ። ከዚያ ፒፕን «ካሽህን ሳትነካ፣ ከምንጩ እንደገና ሥራ» አለው። የስልኩን ዳታ አብርቶልን ነበር፤ ላፕቶፑ ማራገቢያውን እያጓራ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። ኤልዲዲ እንደገና ተጠራች። ሁሉም መስመር አድራሻ አለው። እልል ልንል ስንል ፕሮግራሙ ሌላ ነገር ይዞ ወደቀ፤ አሁን የአማርኛውን የማንበቢያ ዳታ አጣ። ይሄኛው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የኛ ነው። የዳታውን አድራሻ ፕሮግራማችን ውስጥ በእጃችን ጽፈነዋል፤ መሀሉ ላይ «4.00» የሚል ፎልደር አለ። አዲሱ እትም ፎልደሩን «5» ብሎታል። አንዲት ቃል ለወጥን።

ወዳጃችን እየሠራ ሳለ «ይሄን ሁሉ ጣጣ ከምታዩ ሁሉን ይዞ የሚመጣ ጥቅል ለምን አልተጠቀማችሁም?» ብሎን ነበር። አለ፣ እውነት ነው። ከ2016 ጀምሮ ማኒሊኑክስ በሚባል ስምምነት የፓይተን ጥቅሎች የሚያስፈልጋቸውን የጋራ ላይብረሪ ቅጂ፣ ከማንም ጋር እንዳይምታታ ስሙን ቀይረው፣ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ይመጣሉ። በ2013 የመጣው ዶከር ደግሞ ሥርዓቱን በሙሉ ያሽጋል። ዓለም ከስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ ወደ ካምብሪጁ ሣጥን ተመልሳለች፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድንኳን ይዟል። ዲስክ ርካሽ በሆነበት አገር ይህ አስተዋይነት ነው። እኛ ግን ግማሽ ጊጋባይት የሚያልፍ ጥቅል በሞባይል ዳታ አውርደን፣ መሀል ላይ ተቋርጦ ከዜሮ ጀምረን እናውቃለን። «የጋራ ይሁን ወይስ ለየብቻ» የሚለው ክርክር ኢንተርኔት የማይቆጠርባቸው ሰዎች የፈረዱት ክርክር ነው። ለኛ አንድ ድንኳን ለሁሉ የሚለው አሁንም ትርጉም አለው፤ ዕቃ ቤቱ የት እንደተዛወረ የሚጽፍ ሰው ካለ። ወዳጃችን አልተስማማም። «ድንኳኑን እኮ ያስወጣችሁት እናንተ ናችሁ» አለ። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ሳምንት ካዛንቺስ ጋሼ ቤት ሦስት ቀን ፎቶ አነሣን። ጎረቤቱ ዕቃ እየጫነ ነው፤ የእድራቸው ሰዎች ድንኳኑንና ድስቶቹን የት እንደሚያስቀምጡ እያንዳንዱ በር ላይ ቆመው ይማከራሉ፣ አባላቱ በየአቅጣጫው ሊበተኑ ነውና። ቤተኞቹ ዝርዝር በደብተር ይጽፋሉ፦ ማን የት ገባ፣ ስልኩ ስንት ነው። እኛም ከነሱ ተምረን የጥቅሎቹ ዝርዝር ራስጌ ላይ በአማርኛ ጻፍን፦ «ከዚህ ውጭ ሊብቴሰራክት 5 ከኡቡንቱ ያስፈልጋል። ካልሠራ መጀመሪያ ኤልዲዲ። ጥቅምት 2017።»

1,100 ገጽ ግድም ሌሊቱን ሲያነብ አደረ። ጠዋት «መብራት» ብለን ፈለግን። ብዙ መጣ፤ የመብራት ኃይል ማስታወቂያ፣ የፋኖስ ማስታወቂያ፣ አንድ ግጥም። «ካዛንቺስ» ብለን ስንጨምርበት ምንም አልመጣም። «የለም።» ተያየን። ወዳጃችን በስልክ «ስሙን ሰብራችሁ ፈልጉ» አለን። «ዛንቺ» ብለን ፈለግን። አንድ ገጽ መጣ። ቴሰራክት «ካ»ን «ኮ» አድርጎት፣ «ኮዛንቺስ» ብሎ አንብቦታል።

ጋሼ ስክሪኑን አላመኑትም። ካርቶኑ ውስጥ ገብተን መጽሔቱን ራሱን አወጣንላቸው። ደብዳቤዋ አሥራ አንድ መስመር ናት። ሁለት ጊዜ አነበቧት፤ ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡልንና «አንድ አራተኛ ነጥብ ገድፈውብኛል» አሉ።